አንዲት ክፍል ቤት እንዴት ታምራለች?



ብዙዎቻችን ከግቢ ስንወጣ መጀመሪያ የምንከራየው አንዲት ክፍል ነው። እኔም ለሥራ ሰቆጣ ስሄድ የገባሁባት ቤት ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ነበረች። እንድታምርልኝ ብዬ ተበድሬ ትልቅ አልጋና ሶፋ ገዛሁ። አባቴ ሊጠይቀኝ የመጣ ዕለት መስገጃ የሚነጠፍበት ቦታ ጠፍቶ ሶፋውን ደጅ አወጣነው። ከዚያ በኋላ ጓደኞቼ «እንመጣለን» ሲሉኝ ሰበብ መፈለግ ጀመርኩ። የጠባብ ክፍል ትልቁ ጉዳት ይህ ነው፤ አፍረን በራችንን በእንግዳ ላይ እንዘጋለን።

መላውን ያገኘሁት ከድሮ ቤቶች ነው። በደጋው የድንጋይ ቤት መቀመጫው ከግድግዳው ጋር የተያያዘ መደብ ነው፤ መሐሉ ክፍት ነው። የሐረሪዎች ባህላዊ ቤትም እንግዳውን የሚያስቀምጠው «ነደባ» በሚባሉ ከፍና ዝቅ ባሉ አምስት መደቦች ላይ ነው፤ ግድግዳውን የሚያስጌጡትም የቤቱ ሰፌዶችና ሳህኖች ናቸው። ከሁለቱም የምንማረው አንድ ነው፤ ቤትን የሚያሰፋው ባዶ የተተወ ወለል ነው።

ቂብላውን አስቀድሙ። ከሰቆጣ ሲታይ መካ ወደ ሰሜን ናት፤ ወደ ምሥራቅ የምታዘነብለው በጥቂቱ ነው። እቃ ከመደርደራችሁ በፊት በዚያ በኩል ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚሰግድበት፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወርድ ያለው ቦታ ተዉ። ግድግዳውንም ባዶ አድርጉት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአዒሻ (ረ.ዐ) ቤት የነበረው ምስል ያለበት መጋረጃ በሶላታቸው ላይ ስለታያቸው እንዲነሳ ማዘዛቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል።

አልጋው ቀን መደብ ይሁን። ዝቅ ያለ አልጋ ግድግዳ አስጠግታችሁ አንድ ቀለም ባለው ጨርቅ ሸፍኑት፤ ትራሶቹን በግድግዳው በኩል ደርድሩ። ልብሱና ሻንጣው ከሥር ይግባ። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ስለሆነች ሌሊቷ ይቀዘቅዛል፤ ወለል ላይ አጎዛ ብታነጥፉ ይሞቃል፣ ለዓይንም ደስ ይላል።

ብርሃኑን አስተካክሉ። ግድግዳው ነጭ ወይም ፈካ ያለ ይሁን። መጋረጃውን ከመስኮቱ ጫፍ ሳይሆን ከጣሪያው ሥር ጀምራችሁ እስከ ወለል ስቀሉት፤ ክፍሉ ቁመት ያገኛል። መስታወት ከመስኮቱ ትይዩ ሲሰቀል ብርሃኑን ያበዛዋል፤ በቂብላው በኩል ግን አይሁን። ማታ ከጣሪያው ነጭ አምፖል ይልቅ ጥግ ላይ የተቀመጠ ባለ ቢጫ ብርሃን መብራት ቤቱን ያለዝበዋል።

ጥቂት፣ ግን ጥሩ። ከአሥር ርካሽ ጌጥ ይልቅ በእጅ የተሰፋ አንድ ሰፌድ ግድግዳውን ያከብረዋል። ሽታም ጌጥ ነው። በአበርገሌና በተከዜ ቆላ የዕጣን ዛፍ ይበቅላልና ቡና ሲፈላ ጥቂት አጭሱ። ነገር ግን መስኮቱ ይከፈት፤ ፍም የገባበትን ክፍል ዘግቶ መተኛት ይገድላል።

እኔ ሶፋውን ሸጬ ዕዳዬን ከፈልኩ። ለእይታ ብሎ መበደር ወደ ኢስራፍ እንደሚወስድ ያኔ ገባኝ። አባቴ ዳግም ሲመጣ አጎዛው ላይ ተደግፎ ቡና ጠጣ፤ መግሪብንም ጎን ለጎን ሰገድን። ክፍሏ ያው ሦስት በሦስት ናት፤ አሁን ግን «ግቡ» ለማለት አላፍርም፣ አልሐምዱሊላህ።

አላህ ቤቶቻችንን የሰላምና የበረካ ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም!