የንግዱ ኪስና የቤቱ ኪስ

አነስተኛ ንግድ በኢትዮጵያ ከተሞች ለብዙ ቤተሰብ ዋና ወይም ተጨማሪ የኑሮ መሠረት ሆኖ ሳለ፣ ስለ አጀማመሩ የሚደረገው ውይይት ብዙውን ጊዜ መነሻ ካፒታል ከየት ይገኛል በሚለው ጥያቄ ላይ ይቆማል። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን በቂ አይደለም፤ ገንዘብ አግኝተው የጀመሩ ሱቆችና የምግብ ቤቶች ዓመት ሳይሞላቸው ሲዘጉ፣ በጥቂት ብር የተጀመሩ ደግሞ ቅርንጫፍ እስከመክፈት ሲደርሱ የሚታየው ልዩነቱን የሚፈጥር ሌላ ነገር ስላለ ነው። ይህ ነገር የተፈጥሮ ስጦታ ወይም ዕድል ብቻ ተደርጎ መቆጠሩ ብዙዎችን ከመማር አግዷቸዋል። ንግድን አቋቁሞ ማስተዳደር ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው፤ ዕውቀቱም በጥቂት ልማዶች ላይ የቆመ ሲሆን፣ ከእነርሱ ሁሉ የሚቀድመው የንግዱን ገንዘብ ከቤቱ ገንዘብ የመለየት ልማድ ነው።

በኢትዮጵያ የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ በ2003 ዓ.ም. በተሻሻለበት ጊዜ የተቀመጠው ትርጉም ባለቤቱንና የቤተሰቡን አባላት ጨምሮ እስከ 5 ሰው የሚያሠራውን ጥቃቅን፣ ከ6 እስከ 30 ሰው የሚያሠራውን ደግሞ አነስተኛ ተቋም ይለዋል፤ ከሰው ብዛት ጋርም የሀብት መጠንን ይመለከታል። በዕለታዊ ንግግር ግን የጉልት ቸርቻሪዋም፣ የልብስ ሰፊውም፣ የእንጨት ሥራ ባለሙያውም «አነስተኛ ነጋዴ» ይባላሉ። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው ገዥው፣ ሻጩ፣ ሒሳብ ያዡና ሥራ አስኪያጁ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው መሆኑ ነው፤ የሚያስፈልጋቸው ትምህርትም ይህን መልክ የያዘ መሆን ይኖርበታል።

ትምህርቱ ከየት ይገኛል?

የመጀመሪያው የንግድ ትምህርት ቤት ገበያው ራሱ ነው። በመርካቶም ሆነ በየክልሉ ከተሞች በሱቅ ረዳትነት ገብቶ ዕቃ ማራገፍን፣ ዋጋ መጠየቅን፣ ደንበኛ መያዝንና አከፋፋይን መለየትን ከባለሱቁ አጠገብ ሆኖ መልመድ፣ ከዚያም በተጠራቀመ ደመወዝና በዕቁብ የራስን ሱቅ መክፈት ረጅም ዕድሜ ያለው መንገድ ነው። መንገዱ ዕቃን፣ ሰውንና ወቅትን የማወቅ ችሎታ ይሰጣል፤ ጉድለቱ ግን ተማሪው የአሠሪውን ስሕተትም አብሮ መውረሱ፣ በተለይም ሒሳብን በጽሑፍ ሳይሆን በቃል የመያዝ ልማድ ከትውልድ ወደ ትውልድ መተላለፉ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሥልጠና ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት ከ100 በሚበልጡ አገሮች የሚያሰራጨውና ንግድን ስለመጀመርና ስለማሻሻል የሚያስተምረው ፕሮግራም መነሻው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የስዊድን አሠሪዎች ማኅበር ያዘጋጀው ትምህርት ሲሆን፣ የንግድ ሐሳብ ከማፍለቅ ጀምሮ እስከ ዋጋ አወጣጥና መዝገብ አያያዝ ያሉትን ርዕሶች ደረጃ በደረጃ ይሸፍናል። ከዚህ የሚለየው ኤምፕሬቴክ የተባለው የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ ፕሮግራም በ1988 እ.ኤ.አ. በአርጀንቲና የተጀመረ ሲሆን፣ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዴቪድ ማክሌላንድ ስለ ስኬት ፍላጎት ባደረጉት ጥናት ላይ ተመሥርቶ ከሒሳብ ይልቅ የነጋዴውን ባሕርይ፣ ማለትም ዕድልን መፈለግን፣ ጽናትን፣ ግብ ማስቀመጥንና ቃልን መጠበቅን ያሠለጥናል። በኢትዮጵያ በ2005 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ የተቋቋመውና በኋላ ወደ ኢንስቲትዩትነት ያደገው የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ማዕከል ይህንኑ ዘዴ ለብዙ ሠልጣኞች አዳርሷል።

ሥልጠና በእርግጥ ይጠቅማል ወይ የሚለው ጥያቄ በጥናት ተፈትኗል። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተመራማሪዎች የአነስተኛ ብድር ተበዳሪዎችን በዕጣ ለይተው ለአንደኛው ክፍል የተለመደውን የሒሳብ አያያዝ ትምህርት፣ ለሌላኛው ደግሞ የንግድን ገንዘብ በአንድ መሳቢያ የቤትን ገንዘብ በሌላ መሳቢያ እንደማስቀመጥ ያሉ ቀላል መመሪያዎችን አስተማሩ። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት የንግድ አሠራራቸውን በይበልጥ ያሻሻሉት በቀላል መመሪያ የተማሩት መሆናቸውን አሳየ። በ2017 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎችን በሦስት ክፍል መድቦ፣ አንዱን ክፍል በተለመደው የንግድ ትምህርት፣ አንዱን በግል ተነሣሽነት ሥልጠና አስተማረ፤ ሦስተኛውን ለማነጻጸሪያ ያለ ሥልጠና ተወው። የግል ተነሣሽነት ማለት ሌላ ሰው እስኪያዝ ወይም ችግር እስኪደርስ ሳይጠብቁ በራስ መጀመር፣ አርቆ ማሰብና እንቅፋት ሲገጥም አለመተው ነው። በዚህ የሠለጠኑት ነጋዴዎች ትርፍ ካልሠለጠኑት ጋር ሲነጻጸር በ30 በመቶ ሲያድግ፣ በተለመደው ትምህርት የሠለጠኑት ግን 11 በመቶ ያህል ብቻ ጭማሪ አሳዩ፤ ይህም በስታቲስቲክስ መለኪያ ከአጋጣሚ ሊለይ የሚችል አልነበረም። የሁለቱ ጥናቶች ትምህርት ሲደመር ቀላልና ሊተገበር የሚችል የገንዘብ ሥርዓት፣ ከንቁ ተነሣሽነት ጋር ሲጣመር፣ ከረቀቀ የሒሳብ ትምህርት የበለጠ ዋጋ እንዳለው ያመለክታል።

ሒሳቡን ማወቅ

የንግዱና የቤቱ ኪስ ሲቀላቀል የሚፈጠረው ጉዳት በአንድ ቀን አይታይም። ባለሱቁ ለልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለበዓል በግ ወይም ለለቅሶ ቤት ወጪ ከመሳቢያው ሲያነሣ፣ ያነሣው ትርፍ ይሁን ለነገ ዕቃ መግዣ የሚያስፈልገው ገንዘብ አያውቅም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ መደርደሪያው ሲሳሳ ገበያው ቀዝቅዟል ብሎ ይደመድማል፣ እውነቱ ግን ንግዱ መበላቱ ነው። መፍትሔው ባለቤቱ ለራሱ የተወሰነ ወርሃዊ ደመወዝ መቁረጡ፣ ለንግዱ የተለየ የባንክ ሒሳብ ወይም የስልክ ገንዘብ ሒሳብ መክፈቱ፣ የገባውንና የወጣውን ደግሞ በየዕለቱ በደብተር መጻፉ ነው።

ከደብተሩ የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ወጪን በሁለት ለይቶ ማወቅ ነው። ቋሚ ወጪ የሚባለው ሽያጭ ቢኖርም ባይኖርም የሚከፈል እንደ ኪራይና የወር ደመወዝ ያለ ወጪ ሲሆን፣ ተለዋዋጭ ወጪ ደግሞ ከሚመረተው ወይም ከሚሸጠው መጠን ጋር የሚጨምርና የሚቀንስ ነው። ለማስረዳት ያህል፣ እንጀራ ጋግራ የምታከፋፍል ሴት አንዱን እንጀራ በ25 ብር ትሸጣለች፣ ለጤፉ፣ ለመብራቱና ለማጓጓዣው በአንድ እንጀራ 19 ብር ታወጣለች፣ ለኪራይ፣ ለረዳት ደመወዝና ለመሳሰሉት ደግሞ በወር 18,000 ብር ትከፍላለች እንበል። እያንዳንዱ እንጀራ 6 ብር ስለሚያስተርፍላት ቋሚ ወጪዋን ለመሸፈን ብቻ በወር 3,000 እንጀራ፣ በ26 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 116 ያህል መሸጥ አለባት፤ ለራሷ ድካም 7,500 ብር ደመወዝ ብትቆርጥ ግን የሚያስፈልጋት 4,250 እንጀራ ይሆናል። አሁን ጤፍ ተወዶ የአንዱ እንጀራ ወጪ በ2 ብር ብቻ ቢጨምር ትርፏ ወደ 4 ብር ይወርድና፣ የራሷ ደመወዝ ሳይታሰብ እንኳ ቋሚ ወጪዋን ለመሸፈን 4,500 እንጀራ መሸጥ ግድ ይሆንባታል። የግማሽ ያህል ተጨማሪ ሽያጭ ከየት ይመጣል ወይስ ዋጋው ይጨመር የሚለውን ውሳኔ በጊዜ ልትወስን የምትችለው ይህን ስሌት ቀድማ የምታውቅ ከሆነ ብቻ ነው። ያለዚያ ብዙ እየሸጠች እየከሰረች መሄዷን የምትረዳው ዕዳ ውስጥ ከገባች በኋላ ይሆናል።

ዱቤና ይሉኝታ

ትርፍ በደብተር ላይ መታየቱ ብቻውን ንግድን አያኖርም፤ ገንዘቡ ለአከፋፋዩ መክፈያው ቀን ሳይደርስ በእጅ መግባት አለበት። የጥሬ ገንዘብ ፍሰት የሚባለው ይህ የገቢና የወጪ ጊዜ አገጣጠም ሲሆን፣ በሰፈር ሱቆች ዘንድ ዋነኛ ፈተናው ዱቤ ነው። ዱቤ ደመወዝ እስኪደርስ የሚቸገረውን ጎረቤት ከመርዳቱም በላይ ደንበኛን የሚያቆይ በመሆኑ ፈጽሞ መከልከሉ ሁልጊዜ ብልኅነት አይሆንም። አደጋ የሚሆነው ወሰን ሲያጣና ይሉኝታ የመጠየቂያውን አንደበት ሲይዘው ነው። ዘመድ፣ የዕድር አባል ወይም የክርስትና አባት ስለሆነ የማይጠየቅ ተበዳሪ፣ ሳይታወቅ የንግዱ ባለድርሻ ይሆናል። ልምድ ያላቸው ነጋዴዎች የዱቤን ጠቅላላ መጠን ከዕቃ መግዣ ገንዘባቸው ተነሥተው ይወስናሉ፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ጣሪያ ያስቀምጣሉ፣ የመክፈያውንም ቀን ሲሰጡ ይነጋገራሉ እንጂ ካለፈ በኋላ አይደለም፤ ቀድሞ የተነገረ ሥርዓት ለሁሉም እኩል ስለሚሆን ማንንም አያስቀይምም።

ካፒታልና ሕግ

የገንዘብ ልማዱ ከተያዘ በኋላ የካፒታል ጥያቄ መልስ ያገኛል። ዕቁብ ያለ ወለድና ያለ መያዣ ካፒታል የሚያስገኝ የቆየ ሥርዓት ቢሆንም፣ በመጀመሪያ ዙር የደረሰው ሰው እንደተበዳሪ፣ በመጨረሻ የሚደርሰው ደግሞ እንደቆጣቢ መሆኑን፣ መዋጮውም ገበያ ቢቀዘቅዝም የማይቀር ቋሚ ወጪ መሆኑን ማሰብ ያሻል። የአነስተኛ ብድር ተቋማት በቡድን ዋስትና፣ ማለትም አባላት አንዱ ለሌላው ተጠያቂ በሚሆኑበት አሠራር ሲያበድሩ የኖሩ ሲሆን፣ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርም ከባንክ ጋር በመተባበር «መላ» የተባለ አነስተኛ ብድር አቅርቧል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ደግሞ ቤት የሌለው ሰው ማሽኑን፣ የዕቃ ክምችቱን ወይም ከብቱን በመያዣነት አስመዝግቦ መበደር የሚችልበትን ሕጋዊ መሠረት ጥሏል። በእነዚህ ሁሉ በሮች በተለይም በባንኩ በር የተሻለ ተሰሚነት የሚኖረው የሽያጩን መዝገብ ይዞ የሚቀርብ ነጋዴ ነው።

ከሕግ ጋር ያለው ግንኙነትም ከመጀመሪያው ሊታሰብበት ይገባል። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 የሚመራ ሲሆን፣ ነጋዴው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማውጣት፣ የንግድ ሥራው የሚጠይቅ ከሆነም የብቃት ማረጋገጫ ማግኘት አለበት። በግሉ የሚነግድ ሰው ለንግዱ ዕዳ በግል ንብረቱ ጭምር ተጠያቂ መሆኑን ማወቅ ይጠበቅበታል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ግን የባለቤቱን ተጠያቂነት በመርሕ ደረጃ ባስገባው ካፒታል ይወስናል፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግም ቀደም ሲል ቢያንስ ሁለት ሰው ይጠይቅ የነበረውን ይህን ዓይነት ማኅበር አንድ ሰው ብቻውን እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንደማይበልጥ፣ በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ መሠረትም አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ እንደሚያዋጡ አውቆ ይህን በዋጋው ውስጥ ማስላት አለበት። የግብር ሕጎች ደግሞ በቅርብ ዓመታት ደጋግመው ስለተሻሻሉ፣ ነጋዴው የሚገኝበትን ደረጃና የማሳወቂያ ጊዜውን በየዓመቱ ከግብር ሰብሳቢው ቢሮ ማረጋገጡ ከቅጣት ያድነዋል።

ሽርክናም በዚሁ ሥር የሚታይ ነው። ዘመዳሞች ወይም ጓደኛሞች በቃል ተማምነው የሚጀምሩት የጋራ ንግድ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው በክፋት ሳይሆን፣ ማን ምን ያህል አዋጣ፣ የሚሠራው ከማይሠራው ምን ይለያል፣ አንዱ መውጣት ቢፈልግ ድርሻው እንዴት ይሰላል የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ሳያገኙ በመቆየታቸው ነው። በጽሑፍ የሰፈረ ውል ፍቅር ሳይቀዘቅዝ የተደረገ ስምምነት ስለሆነ ወዳጅነትንም ንግድንም ይጠብቃል።

ከመጀመር በፊት የሚጀመር ሥራ

የተነሣሽነት ሥልጠና ለቶጎ ነጋዴዎች ያስገኘው ውጤት የሚያስገነዝበው ነገር አለ፤ በአንድ መንደር አምስት ተመሳሳይ ሱቅ ተደርድሮ ሳለ ስድስተኛውን መክፈት ንግድ መጀመር ቢሆንም ንግድ ማሰብ አይደለም። የሚማር ነጋዴ የጎረቤቱን ሐሳብ ከመቅዳቱ በፊት ገዥዎች ምን አጥተው ወደ ሌላ ሰፈር እንደሚሄዱ ይጠይቃል፣ በጥቂት ዕቃ ይሞክራል፣ የሙከራውን ውጤት ይጽፋል፣ ከዚያም ያሰፋል ወይም ይተዋል። አሠልጣኝ ተቋማትም ሥራቸውን በሠልጣኝ ቁጥርና በምስክር ወረቀት ብቻ ከመለካት ይልቅ፣ ከክፍል በኋላ ሠልጣኙን በሱቁ ድረስ ሄዶ መከታተልን የሥልጠናው አካል ቢያደርጉት የበለጠ ፍሬ ያገኛሉ፤ በሎሜ የተሰጠውም ሥልጠና ከክፍል ትምህርቱ ቀጥሎ አሠልጣኞች ነጋዴዎችን በየሥራ ቦታቸው የሚጎበኙበት ክትትል ነበረው።

ገና ያልጀመረ ሰው ይህን ትምህርት ለመጀመር ካፒታል መጠበቅ አያስፈልገውም። የቤቱን ገቢና ወጪ ለአንድ ወር በየዕለቱ መጻፍ፣ ሊገባበት ባሰበው ሥራ ከተሰማራ ሰው ዘንድ ያለ ክፍያ እንኳ ቢሆን ለጥቂት ሳምንት መሥራት፣ የአንዱን ዕቃ እውነተኛ ወጪ በወረቀት ላይ አስልቶ ስንት መሸጥ እንዳለበት ማወቅ ያለ ብድር የሚገኝ ዕውቀት ነው። ስሌቱ አያዋጣም ቢለው የጠፋበት ጥቂት ጊዜና አንድ ደብተር ብቻ ሲሆን፣ ያዋጣል ቢለው ደግሞ ገንዘቡ በመጣ ጊዜ ምን እንደሚሠራበት የሚያውቅ ሰው ሆኖ ይጠብቀዋል።