ከፍቺ በኋላ የሕይወት ኢንሹራንሳችሁ በማን ስም ነው?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ እዚሁ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። አሜሪካ ውስጥ የተፋቱ ሰዎች «የቀድሞ ባለቤቴ በሕይወት ኢንሹራንሴ ላይ መብት አለው ወይ?» ይላሉ። ቤነፊሸሪ ብላችሁ ያስመዘገባችሁትን ስም ካልቀየራችሁ፣ ብዙ ጊዜ አለው።

ሲያትል ያላችሁ ይህን ልብ በሉልኝ። በዋሽንግተን ስቴት ቦይንግ ይሠራ የነበረ አንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1994 ከሚስቱ ተፋታ። ሁለት ወር አለፍ እንዳለ በመኪና አደጋ ሞተ። ኑዛዜ አልነበረውም። በሥራው በኩል ባገኘው የ46 ሺህ ዶላር ኢንሹራንስ ላይ ግን የፈታት ሚስቱ ስም እንደተመዘገበ ነበር፤ ገንዘቡም ለእሷ ተከፈለ። ከቀደመ ትዳሩ የወለዳቸው ልጆች ከሰሱ። የሚሟገቱበት ሕግም ነበራቸው፤ በስቴቱ ሕግ ፍቺ ሲጸና የቀድሞ የትዳር ጓደኛ ስም እንደተሰረዘ ይቆጠራል። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2001 ልጆቹ 7 ለ2 በሆነ ድምፅ ተረቱ። በአሠሪ በኩል የሚገኝ ኢንሹራንስ በአብዛኛው የሚመራው በ1974 በወጣው፣ ኤሪሳ በሚባለው የፌዴራል ሕግ ነው። እሱ ደግሞ በሰነዱ ላይ ለሰፈረው ሰው ክፈሉ ይላል፤ የስቴት ሕግ አይሽረውም።

የቨርጂንያው ጉዳይ ደግሞ እኔን ይበልጥ ያሳዝነኛል። አንድ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ በ1996 ሚስቱን አስመዘገበ፣ በ1998 ተፋቱ፣ በ2002 ሌላ አገባ፣ በ2008 አረፈ። ስሙን ሳይቀይር። ከ124 ሺህ ዶላር በላይ የሆነው ገንዘብ ከሞቱ አሥር ዓመት በፊት ለፈታት ሴት ሄደ። የቨርጂንያ ሕግ እንዲህ ሲሆን ገንዘቡን የወሰደው ሰው ለባለመብቱ ይመልስ ይል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 በፌዴራል ሠራተኞች ኢንሹራንስ ላይ ይህም አይሠራም አለ። እስከ መጨረሻው አብራው የኖረችው ሚስት ከዚያ ኢንሹራንስ ምንም አላገኘችም።

በግል ከኤጀንት የገዛችሁት ከሆነ የስቴታችሁ ሕግ ይሠራል። ቨርጂንያ፣ ዋሽንግተን፣ ቴክሳስና ሚኒሶታ ፍቺ ስሙን ይሰርዛል ይላሉ፤ ሁሉም ስቴት ግን እንዲህ አይልም። ተለያይታችሁ ለየብቻ እየኖራችሁ ፍቺው በፍርድ ቤት ካላለቀ ደግሞ እነዚህም ሕጎች አይደርሱላችሁም።

በእኛ ዘንድ ብዙ ነገር በሽማግሌ ያልቃል። «ከኢንሹራንሱ ምንም አልፈልግም» ተብሎ እርቅ ይወርዳል፣ ሁሉም አምኖ ይሄዳል። ኢንሹራንስ ኩባንያው ያንን ቃል አያውቀውም። በፍርድ ቤት የተጻፈ እንኳ ላይበቃ ይችላል፦ በ2009 በተወሰነ የጡረታ ቁጠባ ክርክር ሴትየዋ መብቷን መተዋ በፍቺው ውሳኔ ላይ ሰፍሮ ሳለ፣ ስሟ ስላልተቀየረ 402 ሺህ ዶላሩ ለእሷ መከፈሉ ትክክል ነው ተብሏል።

ስም ለመቀየር ከመሮጣችሁ በፊት ግን የፍቺ ውሳኔያችሁን አንብቡ። ዳኛው ለልጆች ማሳደጊያ ዋስትና እንዲሆን ኢንሹራንሱ በቀድሞ የትዳር ጓደኛ ስም ይቆይ ብሎ አዝዞ ከሆነ መቀየር አትችሉም። ትእዛዙ የሚጠቅመው ለእናንተ ከሆነ ደግሞ ፋይል ውስጥ አታስቀምጡት፤ የቀድሞ የትዳር ጓደኛችሁ የፌዴራል ሠራተኛ ከሆነ ትእዛዙ ሰውየው በሕይወት ሳለ ለመሥሪያ ቤቱ መድረስ አለበት።

ልጆች ላሏችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ኩባንያው ዕድሜው ላልደረሰ ልጅ በቀጥታ አይከፍልም፤ ገንዘቡን የሚይዝለት ሞግዚት በፍርድ ቤት ይሾማል። ለዚህ ኃላፊነት ብዙ ጊዜ ቀዳሚ የሚሆነው በሕይወት ያለው ወላጅ ነው፤ ማለትም የተፋታችሁት ሰው። ሌላ የምታምኑት ሰው እንዲይዝላቸው ከፈለጋችሁ ትረስት ስለማቋቋም ወይም ጠባቂ ስለመሰየም ጠበቃ አነጋግሩ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ እዚህ ላይ የአንድ ሰዓት የጠበቃ ክፍያ ግን የሚያስቆጭ አይመስለኝም።

ኤች አር ሄዳችሁ ዛሬ የተመዘገበው የማን ስም እንደሆነ በጽሑፍ ይስጧችሁ። ሁለተኛ ተጠባባቂ ስምም አስገቡ። አዲሱን ፎርም ሞልታችሁ ስትልኩ «ደርሶናል» የሚል ማረጋገጫ ተቀበሉ፤ ተሞልቶ ቤት የቀረ ፎርም አይቆጠርም።