የድሮ ቺፕ ወይስ አዲስ ቦርድ?

የኤሌክትሪክ ጊታር ወይም የቤዝ ተጫዋች ክሩን ሲመታ አንዱ ድምፅ ይጎላል፣ ሌላው ይደክማል። ኮምፕረሰር የተባለው በእግር የሚረገጥ ፔዳል የጎላውን ዝቅ፣ የደከመውን ከፍ አድርጎ ያቀራርባቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መቀመጫውን ሮቼስተር፣ ኒው ዮርክ ያደረገው ኤም.ኤክስ.አር ኩባንያ ገበያ ላይ ያዋለው «ዳይና ኮምፕ» ሁለት ማስተካከያ ብቻ ያሉት ነው። አሠራሩ ቀላል በመሆኑ በቤታቸው ፔዳል የሚገጣጥሙ ሰዎች ዛሬም ይቀዱታል። ችግሩ ያለው ድምፁን በሚቆጣጠረው ሲ.ኤ.3080 ቺፕ ላይ ነው። የቺፑ ምርት እ.ኤ.አ. በ2005 ተቋርጧል።

ምርት ሲቆም የሚቀረው የድሮ ክምችት ነው። ክምችቱ ሲመናመን ዋጋው ይንራል፤ ዋጋው ሲንር ደግሞ የሌላ ቺፕ ጽሑፍ ፍቆ «3080» ብሎ የሚያትም አይጠፋም። ቺፑን በቀጥታ የበየደ ገዢ መታለሉን የሚያውቀው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው። ጠንቃቃው ግን ቦርዱ ላይ ሶኬት በይዶ፣ ቺፑን ሰክቶ ይፈትሻል።

ሁለተኛው አማራጭ ኤል.ኤም.13700 ነው። የ3080ን ሥራ የሚሠሩ ሁለት ማጉያዎች በአንድ ቺፕ ይዟል። ሆኖም እግሮቹ 8 ሳይሆኑ 16 በመሆናቸው በድሮው ቦርድ ላይ አይገጥምም፤ ቦርዱ እንደገና መነደፍ አለበት።

ሒሳቡም ከዚህ ይጀምራል። የድሮው ቺፕ ዋጋ ፔዳል በተሠራ ቁጥር ይከፈላል፤ የአዲሱ ንድፍ ድካም ግን አንድ ጊዜ ነው። ለራሱ አንድ የሚሠራ ሰው እውነተኛ 3080 ካገኘ ይግዛ። ደጋግሞ ሠርቶ ለመሸጥ ያሰበ ግን ትርፉን በሚያልቅ ክምችት ላይ ባይመሠርት ይሻለዋል።