አንድ ፕሮቶን ስንት ኤሌክትሮን ይመዝናል?

ፕሮቶን ከኤሌክትሮን 1836 ጊዜ ያህል እንደሚከብድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ ተምሯል። ከነጥብ በኋላ ያሉት አኃዞች ግን የሚገኙት በልኬት ብቻ ነው፤ ኤሌክትሮን ለምን ይህን ያህል ቀላል እንደሆነ የሚነግረን ቲዎሪ እስካሁን የለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የጀርመኗ ዱሰልዶርፍና የኔዘርላንድሷ አምስተርዳም ተመራማሪዎች በየፊናቸው ይህን ቁጥር ከዚያ በፊት ባልተደረሰበት ትክክለኛነት አሳወቁ። የአምስተርዳሞቹ ውጤት 1836.152673406 ነው፤ የሚያጠራጥሩት የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ብቻ ናቸው። ለዚህ የበቁት ቅንጣቶችን በሚያጋጭ ግዙፍ ማሽን አይደለም። በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ መቶ ያህል ወይም ከዚያ ያነሱ ሞለኪውሎችን አስረው፣ ሌዘር አብርተውባቸው ነው።

ሞለኪውሉ በተፈጥሮ ካሉት ሁሉ ቀላል ከሚባሉት አንዱ ነው። አንድ ፕሮቶን፣ አንድ የከባድ ሃይድሮጂን አስኳል ማለትም ዲዩትሮን፣ ሁለቱን አያይዞ የሚይዝ አንድ ኤሌክትሮን፤ በቃ። ሌላው ኤሌክትሮን ስለተነጠቀ ሞለኪውሉ አዎንታዊ ሙል አለው፤ አዮን የሚባለውም ለዚህ ነው። አስኳሎቹ አርፈው አይቀመጡም፤ እየተቀራረቡና እየተራራቁ ይርገበገባሉ። ቢከብዱ ርግብግቢቱ ይዘገያል፣ ቢቀሉ ይፈጥናል። እንግዲህ ርግብግቢቱን በትክክል የለካ ሰው፣ አስኳሎቹ ከኤሌክትሮኑ ስንት እጥፍ እንደሚከብዱም ማወቅ ይችላል።

ችግሩ ሞለኪውል ቆሞ አለመጠበቁ ነው። በክፍል ሙቀት በሰከንድ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይከንፋል። ወደ ሌዘሩ የሚሮጠው የብርሃኑን ፍሪኩዌንሲ ከፍ አድርጎ፣ የሚሸሸው ዝቅ አድርጎ ስለሚቀበለው ልኬቱ ይደበዝዛል። በማይለዋወጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ብቻ አዮንን አየር ላይ አንጠልጥሎ ማቆየት ደግሞ አይቻልም፤ በአንድ በኩል ቢገታ በሌላው ያመልጣል። ጀርመናዊው ፊዚሲስት ቮልፍጋንግ ፓውል በ1950ዎቹ መላ አገኘለት። ኮርቻ ላይ የተቀመጠች ኳስ በጎን ትንሸራተታለች፤ ኮርቻው በተገቢው ፍጥነት ቢሽከረከር ግን ለመውደቅ ጊዜ አጥታ መሐል ላይ ትቀራለች። ፓውልም የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ እያገላበጠ አዮኖችን መሐል ላይ አቆያቸው። በ1989 ለዚህ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

መታሰር ብቻውን አይበቃም፤ መቀዝቀዝም ያስፈልጋል። ይህ ሞለኪውል በሌዘር በቀጥታ አይቀዘቅዝም፤ ብርሃን ሲውጥ ወደ ሌላ ደረጃ ይሄድና ሌዘሩን ዳግመኛ አይቀበለውም። ስለዚህ ለሌዘር የሚገዙ የቤሪሊየም አዮኖች አብረውት ይታሰራሉ። በ313 ናኖ ሜትር አልትራቫዮሌት ብርሃን እነርሱ ሲቀዘቅዙ ሞለኪውሎቹም ሙቀታቸውን ለእነርሱ እያስረከቡ፣ ከፍጹም ዜሮ በላይ እስከ አንድ መቶኛ ዲግሪ ድረስ ይወርዳሉ። በካሜራ ሲታይ ቤሪሊየሙ እንደ ክሪስታል ተደርድሮ ያበራል፤ መሐሉን ሰንጥቆ የሚያልፍ ጥቁር መስመር አለ። ሞለኪውሎቹ ያሉት እዚያ ነው። ቀላል ስለሆኑ መሐሉን ይይዛሉ፤ ስለማያበሩ ደግሞ የሚታወቁት በጨለማቸው ነው።

አምስተርዳሞች ከሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች ሁለት ኢንፍራሬድ ሌዘሮችን ላኩ። ሞለኪውሉ ከሁለቱም አንድ አንድ ፎቶን ሲውጥ የአንዱን የእንቅስቃሴ ስህተት የሌላው ያጣፋዋል፤ ርግብግቢቱም በአንድ ጊዜ ዘጠኝ ደረጃ ይወጣል። ወዲያው አረንጓዴ ሌዘር ያንን ሞለኪውል ይሰብረዋል። ከዚያ የቀሩትን መቁጠር ነው፦ ሞለኪውሎቹን በኤሌክትሪክ ነቅንቀው የቤሪሊየሙ ብርሃን ምን ያህል እንደተለወጠ ያያሉ። ብዙ ሞለኪውል የጠፋበት ፍሪኩዌንሲ የተፈለገው ነው። እርሱም በሰከንድ 415 ትሪሊዮን ዑደት ግድም ሲሆን፣ የተሳሳቱት ቢበዛ በአንድ ሺህ ዑደት አካባቢ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ግን ያለ ስሌት ትርጉም የለውም። የተለካው ፍሪኩዌንሲ ወደ መጠነ ቁስ የሚለወጠው በኳንተም ኤሌክትሮዳይናሚክስ እኩልታዎች ነው። በሩሲያ ዱብና የሚሠራው ቭላዲሚር ኮሮቦቭ ከፓሪሶቹ ሎራን ሂሊኮና ዣን-ፊሊፕ ካር ጋር ሆኖ ለዓመታት ያሰላው ይህንኑ ነው። የስሌቱና የልኬቱ መግጠም ትልቅ ነገር ነው። በ2017 ጀርመን ውስጥ በሌላ ዓይነት ወጥመድ የተለካው ፕሮቶን እስከዚያ ከታመነበት ቀለል ብሎ ተገኝቶ ነበር፤ የሞለኪውሉ ልኬት ከዚያ አዲስ ውጤት ጋር ተስማማ። በአስኳሎቹ መካከል ከታወቁት የተፈጥሮ ኃይሎች ሌላ አምስተኛ ኃይል ቢኖርም፣ እጅግ ደካማ መሆን እንዳለበት አሳየ።

ዘዴው ለሌላም ጥያቄ ይውላል። በአሜሪካ ቦልደር ከተማ የሐፍኒየምና የፍሎሪን ሞለኪውላዊ አዮኖችን ያሰሩ ተመራማሪዎች፣ ኤሌክትሮን ፍጹም ክብ ነው ወይስ የኤሌክትሪክ ሙሉ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ የሚለውን ሲፈትሹ ቆይተው፣ በ2023 ምንም ማጋደል እንዳላገኙ አሳውቀዋል።

በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ወጥመድ ለመትከል ገንዘቡም ሰላሙም ያስፈልጋል። ካርቱም ውስጥ የሱዳን ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሌዘር ኢንስቲትዩት ነበረው፤ በሚያዝያ 2023 የተጀመረው ጦርነት ግን ነዋሪውን ሲያፈናቅል የከተማዋን ዩኒቨርሲቲዎችም በትኗል። የስሌቱ በር ግን ለማንም ክፍት ነው። ኮሮቦቭና ጓደኞቹ የተጠቀሙት ሒሳብ፣ ኮምፒውተርና ትዕግሥት ነው። የአዲስ አበባ፣ የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የፊዚክስ መምህራን ሆይ፣ ለማስተርስ ተማሪዎቻችሁ የመመረቂያ ርዕስ ስትመርጡ ይህን ሦስት ቅንጣት ብቻ ያለው ሞለኪውል አስቡት።