ዴንማርክኛ ለእንግሊዛዊ ቀላል ነውን?

አንድ እንግሊዛዊ ኮፐንሃገን ገብቶ ከአንድ ዳቦ ቤት በር ላይ ቆሟል እንበል። ሲያጠናው ያደረውን ዓረፍተ ነገር በልቡ እየደጋገመ ይገባል፤ ሁለት ዳቦ ለመጠየቅም አፉን ይከፍታል። ሻጪቱ ግን ሁለተኛውን ቃል ሳይጨርስ በጠራ እንግሊዝኛ «ሌላስ ምን ልጨምርልዎ?» ትለዋለች። ሰውየው ዳቦውን ይዞ ይወጣል፤ ሆዱ ይጠግብ ይሆናል፥ ልቡ ግን አዝኗል።

ዴንማርክ ሄደው ለመኖር የሚነሡ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ብዙ ጊዜ የሚደርስባቸው ይህ ነው። የአገሩ ሰዎች እንግሊዝኛን ከልጅነታቸው ጀምሮ ስለሚማሩ፥ እንግዳውን የረዱ መስሏቸው በገዛ ቋንቋው ያናግሩታል። እንግዳውም «እንግዲያስ ምን አደከመኝ!» ብሎ መጽሐፉን ያጥፋል። ከዚያ ወዲያ ግን በሠርግም ሆነ በለቅሶ፥ በሥራ ቦታም ሆነ በማዕድ ላይ፥ ሰው ሲሥቅ ምክንያቱን ሳያውቅ አብሮ ፈገግ የሚል ሰው ሆኖ ይቀራል። የአገሩን ዜግነት ልጠይቅ ያለ ዕለትም የቋንቋ ፈተና ከፊቱ ይደቀናል።

የሚያስቆጨውም ነገር መጽሐፉን ያጠፈው ከግማሽ መንገድ ላይ መሆኑ ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዲፕሎማቶቹ ባቋቋመው የቋንቋ ትምህርት ቤት፥ ዴንማርክኛ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቀላል ከሚባሉት ቋንቋዎች ክፍል ተመድቧል። ለምን እንደ ሆነ እንመልከት። (የዴንማርክን ቃላት በፊደላችን ያሰፈርናቸው እንደ አጻጻፋቸው ነው፤ አነጋገራቸው ሌላ ጉዳይ ስለ ሆነ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።)

የጥንት ዝምድና

ሁለቱ ቋንቋዎች ከአንድ ግንድ የወጡ ቅርንጫፎች ናቸው። ከዚህም በላይ በ9ኛው መቶ ዓመት ከዴንማርክ የተነሡ ቫይኪንጎች ባሕር ተሻግረው የእንግሊዝን ሰሜንና ምሥራቅ ያዙ፤ ሰፍረውም ተጋቡ፥ ተዋለዱ። ቃላቸውም በዚያው ቀረ። ዛሬ እንግሊዛዊ መስኮትን «ዊንዶው»፥ ቢላዋን «ናይፍ»፥ ሕግን «ሎው» ሲል የእነዚያን ባሕረኞች ቃል መናገሩ ነው። በዴንማርክኛም «ቪንዱኤ»፥ «ክኒቭ»፥ «ሎቭ» ይባላሉ። የመስኮቱ ስም በጥንት ትርጉሙ «የነፋስ ዓይን» ማለት ነበር። እንግዲህ እንግሊዛዊው ተማሪ ሳያውቀው ከዘመዶቹ ቤት ገብቷል ማለት ነው።

ለሁሉም አንድ ግሥ

በእኛ ቋንቋ ግሥ ከባለቤቱ ጋር እየተለዋወጠ «እናገራለሁ፥ ትናገራለህ፥ ትናገሪያለሽ፥ ይናገራል» ይላል። በዴንማርክኛ ግን «ታለር» ከተባለ አበቃ፤ እኔም ታለር፥ አንቺም ታለር፥ እነርሱም ታለር ነው። እንግሊዝኛ ራሱ «ነኝ፥ ነህ፥ ነው» ለማለት አም፥ አር፥ ኢዝ የሚሉ ሦስት ቃላት ሲያወጣ፥ ዴንማርክኛ በአንዲት «ኤር» ሁሉን ይጨርሳል። «አነባለሁ» እና «እያነበብሁ ነው» ለሚሉትም አንድ ቃል ይበቃል። ያለፈውን ጊዜ ለመናገር ከደንበኛው ግሥ መጨረሻ ላይ ትንሽ ጭራ መቀጠል ነው። ከደንብ የወጡትም ቢሆኑ ለእንግሊዛዊ እንግዳ አይደሉም፤ እርሱ ስለ መጠጣት «ድሪንክ፥ ድራንክ» ሲል ዴንማርካዊው «ድሪከ፥ ድራክ» ይላል።

ቤት እና ቤቱ

እንግሊዛዊውን መጀመሪያ የሚያደናቅፈው ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች የለመድነው ነገር ነው። እንግሊዝኛ የታወቀውን ነገር ለማመልከት ከስሙ በፊት «ዘ» የምትል ቃል ያስቀድማል። ዴንማርክኛ ግን እንደ አማርኛ ከስሙ መጨረሻ ላይ ይቀጥለዋል። እኛ ቤት ብለን «ቤቱ» እንደምንል፥ እነርሱም «ሁስ» ብለው «ሁሰት» ይላሉ፤ ሰው «ማንድ» ሲሆን ሰውየው «ማንደን» ነው። ቅጽል በመጣ ጊዜ ግን መንገዳችን ይለያያል። እኛ ምልክቱን ወደ ቅጽሉ አዛውረን «ትልቁ ቤት» እንላለን፤ እነርሱ ጭራውን ቆርጠው ከፊት ሌላ ቃል አቁመው «ዴት ስቶረ ሁስ» ይላሉ።

ጭራው «ኤን» ወይም «ኤት» መሆኑን የሚወስነው የስሙ ጾታ ነው። ይህም ወንድና ሴት የሚለይ ጾታ አይደለም፤ ወንዱም ሴቲቱም ውሻውም «ኤን» ሲሆኑ ሕፃኑና ቤቱ «ኤት» ናቸው። ከአራቱ ስም ሦስቱ ያህል «ኤን» ስለ ሆነ ያላወቀ ሰው በግምት ቢናገር ብዙ ጊዜ አይሳሳትም። ቢሆንም አንዱ ቃል በ«ኤን» ቁልፍ፥ በ«ኤት» የክር ልቃቂት የሚሆንበት ጊዜ አለና ስሙን ከነጾታው አብሮ ማጥናት ይሻላል።

ሁለተኛው ወንበር የግሡ ነው

የአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ ከመጨረሻ ይቀመጣል። የዴንማርክኛው በተራ ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ ሁለተኛውን ስፍራ ይይዛል፤ ማንም አይነቀንቀውም። «ዛሬ» የሚለው ቃል ፊት ከመጣ ባለቤቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። ስለዚህ እንግሊዛዊ በቋንቋው ቅደም ተከተል «ዛሬ እኔ እበላለሁ ዓሣ» ሲል፥ ዴንማርካዊ «ዛሬ እበላለሁ እኔ ዓሣ» ይላል። ከዚህ የተነሣ ጀማሪው ለወራት ሲሳሳት ይኖራል።

አንዲት ሌላ ነገር ግን ጥንቃቄ ትሻለች። «ዮሐንስ ሚስቱን ይወዳል» ስንል የማንን ሚስት እንደ ሆነ አማርኛም እንግሊዝኛም አይለዩም። ዴንማርክኛ ግን ይለያል። «ሲን» ከተባለ የራሱን ሚስት ነው፤ «ሃንስ» ከተባለ ግን የሌላውን ሰው ነው፥ ጠብም ይነሣል!

ወረቀቱና አፉ

ሰዋስው እንዲህ ትንሽ ከሆነች ችግሩ ወዴት ነው? ችግሩ አፍ ላይ ነው። ዴንማርኮች እ. ኤ. አ. በ1948 አጻጻፋቸውን አሻሽለዋል፤ ቀድሞ ማናቸውንም ስም በትልቅ ፊደል ይጀምሩ የነበረውን ትተው አንድ አዲስ ፊደልም ጨመሩ። ነገር ግን በጽሕፈቱና በንግግሩ መካከል ያለው ሰፊ ልዩነት አልተወገደም። «እኔ» ለማለት «የግ» ይጻፋል፥ «ያይ» ይነበባል። «እርሷ» የሚለው «ሁን»፥ ውሻ የሚለው ደግሞ «ሁንድ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሲነገር ግን የኋለኛው ቃል የመጨረሻ ፊደል ይዋጣል። ሁለቱን የምትለያቸው በጉሮሮ ውስጥ ድምፅን ለቅጽበት ያዝ የምታደርግ ነገር ብቻ ናት። እርስዋን የዘነጋ እንግዳ እመቤቲቱን ምን ብሎ እንደሚጠራ አንባቢ ያስበው።

ቁጥሩም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ዴንማርኮች ከ50 እስከ 90 ያሉትን ዐሥሮች በሃያ ይቆጥራሉ። 60 «ሦስት ጊዜ ሃያ» ከሚል የመጣ ነው፤ 50 ደግሞ «ሁለት ተኩል ጊዜ ሃያ» ከሚል ተነሥቶ «ሃልቭትሬድስ» ተባለ። ዋጋ ለመክፈል የቆመ እንግዳ ሒሳቡን ሲያሰላ ሰልፉ ይረዝማል፤ ስለዚህ የሚሻለው ሳያሰሉ በቃል ማጥናት ነው።

እንግዲህ ለጀማሪው የምንመክረው ይህን ነው። ሰዋስውን በጥቂት ወራት ይያዘው፤ ከዚያ ግን ጊዜውን ሁሉ ለጆሮውና ለአፉ ይስጥ። በእንግሊዝኛ ሲመልሱለትም እንደ ስድብ አይቍጠረው፥ በዴንማርክኛ ይቀጥል። «እባክዎ» የሚል አንድ ራሱን የቻለ ቃል በቋንቋው ስለሌለ ከልመናው መጨረሻ «ታክ» ማለት፥ ማለትም ማመስገን ይበቃዋል። አንድ ቀን ሻጪቱ ሳታስበው በዴንማርክኛ ትመልስለታለች። የዚያን ዕለት ዳቦው ያው ዳቦ ነው፤ ሰውየው ግን ከደጅ ወደ ቤት ገብቷል።