ፒኤምፒ ወይስ ሌላ? ዶላሩ ከመከፈሉ በፊት

መስቀል ፍላወር ካፌዎች ውስጥ ላፕቶፕ ከፍተው ከሚቀመጡ ወጣቶች መካከል የሥራ ማስታወቂያ የሚያስስ አይጠፋም። የፕሮጀክት ሥራ ለሚፈልግ ደግሞ ከማስታወቂያው ግርጌ “ፒኤምፒ ያለው ይመረጣል” የምትል መስመር ልትጠብቀው ትችላለች። ጥያቄው ከዚያ ይጀምራል፦ የትኛውን ሰርተፊኬት ልውሰድ?

“የትኛው ይበልጣል?” ከማለት በፊት “የትኛው በር ክፍት ነው?” ማለት ይሻላል። ፒኤምፒን የሚሰጠው በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ፒኤምአይ ነው። ዲግሪ ያለው ሰው ለፈተናው ለመቀመጥ ቢያንስ 36 ወር ፕሮጀክት የመምራት ልምድና የ35 ሰዓት ሥልጠና ያስፈልገዋል። አምና የተመረቀ ልጅ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ይህን አያሟላም።

ብዙ ሰው የሚምታታበት ነገርም አለ። “የፒኤምፒ ሥልጠና” ሲያልቅ የሚሰጠው ወረቀት የሚመሰክረው ሥልጠናውን መከታተላችሁን ብቻ ነው። ፈተናውን ሳያልፉ ሲቪ ላይ “ፒኤምፒ” ብሎ መጻፍ ኢንተርቪው ላይ ያሳፍራል።

ለጀማሪ ይኸው ተቋም ሲኤፒኤም አለው። የሥራ ልምድ አይጠይቅም፤ ሁለተኛ ደረጃን መጨረስና የ23 ሰዓት ሥልጠና ይበቃል። ግብረ ሰናይ ድርጅት ለሚያስብ ደግሞ ለዚያው ዘርፍ የተዘጋጀው ፕሮጀክት ዲፕሮ አለ፤ የመጀመሪያው ደረጃ ልምድ አይጠይቅም። ሶፍትዌር ቤት ለሚያይ ስክረም ይቀርበዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የሲኤፒኤም ፈተና አባል ላልሆነ ሰው በመደበኛ ዋጋው 300 ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ፈተናው 17 ሺሕ ብር አካባቢ ማለት ነው። ዶላር 100 ብርን ሲሻገር ያው ፈተና ከ30 ሺሕ ብር በላይ ሆነ፣ ያውም የሥልጠናው ሳይቆጠር። ለጀማሪ ተቀጣሪ ይህ የወራት ደመወዝ ነው። ፒኤምፒም ቢሆን አንዴ ተፈትነው የሚገላገሉት አይደለም፤ በየ3 ዓመቱ በ60 የሙያ ማሻሻያ ነጥብ ይታደሳል።

ገበያውም ተቀይሯል። አሜሪካ በ2025 እ.ኤ.አ. የውጭ ዕርዳታዋን ቆርጣ ዩኤስኤአይዲን ስትዘጋ እዚህም ፕሮጀክቶች ተዘግተው ባለሙያዎች ሥራ አጥተዋል። ስለዚህ የመጀመሪያ ደረጃ ሰርተፊኬት የያዘ ተመራቂ ለአንድ ወንበር የሚፎካከረው የዓመታት ልምድ ካለው ሰው ጋር ሊሆን ይችላል። በግብረ ሰናዩ ዘርፍ ብቻ ተማምኖ ብር ማውጣት ያሰጋል።

እና ምን ይሻላል? ከመክፈላችሁ በፊት ልትቀጠሩበት የምትፈልጉትን ዓይነት 20 ማስታወቂያ ሰብስቡ። ስንቱ ሰርተፊኬቱን ግዴታ ያደርጋል? ስንቱ “ይመረጣል” ብቻ ይላል? ስንቱስ ለእናንተ ልምድ ክፍት ነው? ቁጥሩ ካላሳመናችሁ ብሩ ይቆይ። እስከዚያው የሠራችሁበትን እያንዳንዱን ፕሮጀክት ከነቀኑ፣ ከነበጀቱና ከነድርሻችሁ መዝግቡ። ያ 36 ወር የሚሞላው በዚህ ነው፤ ማመልከቻው ላይም የምትሞሉት ይህንኑ ነው።