የሻጴ ላሞች

«ሠሪው ከብት በደንብ አያውቅም ነበር መሰለኝ።»

ይህን ቃል ሻጴ ገደል ውስጥ፣ ከድንጋዩ ላሞች ፊት ቆሜ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላስታውስም። ተናጋሪው ብዙውን ጊዜ የተማረ ሰው ነው። እጁን ዘርግቶ ያሳየኛል፤ የላሟ ራስ ከሰውነቷ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፣ ቀንዷ ወደማይሆን ወገን ዞሯል፣ ጡቷ ደግሞ ከመጠን በላይ ገዝፏል። ከዚያ ፎቶ ያነሳና ይሄዳል። እኔም ልከተለውና እጁን ይዤ ልመልሰው ይቃጣኛል። በጌዴኦ ምድር፣ እንዲያውም በአገራችን ካሉ የጥንት ሥራዎች ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነውና ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም።

መጀመሪያ ለማያውቀው ሰው። ሻጴ ከዲላ ከተማ ብዙም የማይርቅ ወንዝ የቦረቦረው ጠባብ ገደል ነው። በገደሉ የድንጋይ ግድግዳ ላይ ሃምሳ ያህል ላሞች ተቀርጸዋል። ቀለም የላቸውም፤ ሥዕል የሚላቸው ሰው ይሳሳታል። ከድንጋዩ ወጣ ብለው፣ እንደ ሳንቲም ላይ ምስል አብጠው የተሠሩ ናቸው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ዲላን ያስተዳድሩ የነበሩ ፊታውራሪ ናቸው ለባለሙያ ያስታወቁት፤ ከዚያ ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ፍራንሲስ አንፍሬ አጥንተው በ1967 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ አሳተሙ። በውጭ መጻሕፍት «ሻቤ» ተብሎ የምታገኙት ይኸው ቦታ ነው። ይህን ያህል ካወቃችሁ መንገዱን ጠይቃችሁ መሄድ ትችላላችሁ።

ስትሄዱ ግን በቀትር አትሂዱ። እለምናችኋለሁ። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ድንጋዩ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ላሞቹም ወደ ግድግዳው ይገባሉ። ጠዋት ወይም ወደ ማታ፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ፣ የእያንዳንዷ ሆድ ጥላ ይጥላል፤ ያኔ ነው ከድንጋዩ የሚወጡት። እኔ የመጀመሪያ ቀን የሄድኩት ስድስት ሰዓት ላይ ነበርና «ይኼ ነው እንዴ?» ብዬ ተመልሻለሁ። ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ደመናው ተገልጦ ዘንበል ያለ ብርሃን ገባ፤ ባዶ መስሎኝ በነበረው ድንጋይ ላይ አምስት ላሞች ተሰልፈው ቆመው አገኘኋቸው። ያን ቀን አመሻሽቼ ነው የተመለስኩት።

አሁን ወደዚያ ቃል ልመለስ።

በድንጋይ ላይ አብጦ የሚታይ ቅርጽ ለማውጣት ሠሪው ላሟን አይነካትም፤ የሚነካው ዙሪያዋን ነው። በመጀመሪያ ላሟ ድንጋዩ ውስጥ በሙሉ ታይታው መሆን አለባት። ከዚያ ላም ያልሆነውን ሁሉ ቀስ እያለ ዝቅ ያደርጋል። አንዴ የተነሳ ድንጋይ አይመለስም። በወረቀት ላይ የተሳሳተ መስመር ይፋቃል፤ እዚህ ግን ቀንዱን አጣምሞ ያስቀረ ሰው ከዚያ ቀንድ ጋር ለዘለዓለም ይኖራል። ታዲያ ይህን ያህል ያቀደ ሰው፣ ቀንዱን ሃምሳ ጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ሊሳሳት ይችላል? አንዴ ቢሆን ስህተት ነው እል ነበር። ሃምሳ ጊዜ ሲደጋገም ግን ቋንቋ ነው።

ቋንቋውን ለማንበብ እያንዳንዷን ክፍል ለየብቻ ተመልከቱ። ሰውነቷ ከጎን የታየ ነው፤ ጀርባዋ፣ ሆዷ፣ እግሮቿ ሁሉ። ቀንዶቿ ግን ከላይ የታዩ ናቸው፤ ሁለቱም ግራና ቀኝ ተዘርግተው ይታያሉ። ከጎን የሚያይ ሰው ቀንድ ሲያይ አንዱ ሌላውን ይከልልበታል። ጡቷም ጎልቶ ወጥቷል፤ ከሩቅ ለሚያይ ሰው እንዲህ አይታይም።

እኔ የማምነው እንዲህ ነው። ቀንዱን ያየው እረኛው ነው። እረኛ ከብቱን ከዳገት ላይ ሆኖ፣ ወይም ማታ በረት በር ላይ ቆሞ ሲቆጥር የሚያየው የቀንድ ቅርጽ ነው፤ ማን እንደገባችና ማን እንደቀረች የሚያውቀው በዚያ ነው። ጎኗን ያየው ገበያ ላይ የቆመ ገዢ ነው፤ የላም ጤና የሚለካው ከጎን ነውና። ጡቷን ያየችው ደግሞ ከሥሯ ተቀምጣ የምታልበው ሴት ናት። ራሷ ለምን አነሰ? አንዳቸውም ለራሷ አልመጡማ! ሠሪው ሦስቱንም ሰዎች ያውቃቸዋል። ምናልባትም ሦስቱንም ራሱ ሆኗቸዋል። ሦስት ቦታ ቆሞ ያየውን በአንድ ድንጋይ ላይ አስታረቀው። ከብት የማያውቅ ሰው ይህን ከየት ያመጣዋል?

ይህ የእርሱ ብቻ ዘዴ አይደለም። የጥንት ግብፅ ሠዓሊዎች ፊትን ከጎን፣ ዐይንን ከፊት፣ ትከሻን ከፊት አድርገው በአንድ ሰውነት ላይ አንድ ላይ ያደርጉ ነበር። የራሳችንን ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተመልከቱ፤ ቅዱሳኑ ሁለት ዐይን አላቸው፤ ክፉዎቹ ግን ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዐይን ነው የሚታዩት። በመጨረሻው እራት ሥዕል ላይ ይሁዳን ፈልጉት፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ዐይኑ ታገኙታላችሁ። ያን ሥዕል አይቶ «ሠዓሊው ሁለተኛውን ዐይን ረሳው» የሚል ምእመን የለም። የሻጴውን ሠሪ ግን እንዳልቻለ እንቆጥረዋለን። ከሃርጌሳ ብዙም በማይርቀው በላስ ጌል ዋሻ፣ እንዲሁም በድሬዳዋ አካባቢ በላጋ ኦዳ፣ በቀለም የተሳሉ ከብቶች አሉ። በላስ ጌል ያሉትም ቀንዳቸው ተዘርግቶ፣ ጡታቸው ጎልቶ ነው የተሳሉት። በአፍሪካ ቀንድ ሰው ከብትን በዚህ ዐይን ያይ ነበር ማለት ነው።

መቼ ተሠራ? ድንጋይ መጥረብ ከሰል አይተውም፤ እነዚህ ላሞችም ቀለም የላቸውም፤ ስለዚህ በቤተ ሙከራ የሚለካ ነገር የለም። ባለሙያዎች የሚመረኮዙት ከሌሎች ቦታዎች ቅርጾች ጋር በማመሳሰል ላይ ነው። ለእኔ ከዕድሜው ይልቅ የሚደንቀኝ ቀና ብዬ ሳይ የማየው አገር ነው። ጌዴኦ ዛሬ የእንሰትና የቡና አገር ነው። ከላይ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ መካከል ቡና፤ አንድ ጓሮ ከሌላው ጓሮ የሚነካካበት፣ ሰው የበዛበት ምድር ነው። ላም ቢኖርም ጓሮ የታሰረች አንዲት ወይም ሁለት ናት። ሃምሳ ላም ተሰልፎ የሚሄድበት ሜዳ ከየት ይመጣል? ድንጋዩ ግን ነበሩ ይላል።

ከላሞቹ ፊት ከተለያየ ሰው ጋር ቆሜያለሁ፤ ሁሉም የየራሱን ነው ያየው። አንድ ጊዜ ከቆላው ወገን ለገበያ የመጡ የጉጂ አዛውንት አብረውኝ ወረዱ። «አባባ፣ ምን ይታይዎታል?» አልኳቸው። ዱላቸውን ተደግፈው ረጅም ጊዜ ቆዩ። «ውሃ እየወረዱ ነው» አሉኝ። እንዴት እንዳወቁ ስጠይቃቸው ገረማቸው። እየጋጠ ያለ ከብት ይበተናል፤ ውሃ የሚወርድ ከብት ግን ይሰለፋል። እነዚህ ደግሞ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄዱት፤ ከሥራቸው ደግሞ ወንዝ አለ። እኔ ስንት ዓመት ተመላልሼ ያላየሁትን እርሳቸው ከአንድ ዱላ ምርኩዝ ላይ ሆነው አዩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገደሉ ለእኔ የመንገድ ዳር ነው።

ሌላ ጊዜ ከቦረና የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድርቁ የቦረናን ከብት እንዴት እንደጨረሰው የምታውቁ ታውቃላችሁ። ልጁ ብዙ አላወራም። እኔ ስለ ቀንዱና ስለ ጡቱ ሳወራ አቋረጠኝና «የቤታችንም እንዲህ ተሰልፈው ወጡ» አለ። ከዚያ በኋላ ያብራራሁት ነገር የለም። ከገደሉ እስክንወጣም አልተናገርንም። የአዛውንቱ ላሞች ወደ ውሃ ይወርዳሉ፤ የልጁ ላሞች ሄደው አልተመለሱም። ድንጋዩ አንድ ነው። ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል ለማለት ድፍረት የለኝም።

ስለ ጌዴኦ የድንጋይ ሥራ ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚጠራው ትክል ድንጋዩን ነው። ልክ ነው፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር የትክል ድንጋዮቹ ብዛት አንዱ ምክንያት ነበር። በጨልባ ቱቲቲ ብቻ ከአንድ ሺህ በላይ ይገኛሉ፤ በሳካሮ ሶዶ በተካሄደና በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ደግሞ የትክል ድንጋዮቹ ዕድሜ ቀድሞ ከሚታሰበው በአንድ ሺህ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄዶ 1ኛው ክፍለ ዘመን ደርሷል። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ልምረጥ። በቱቱ ፈላ፣ ሮዤ ዡሶም የተባሉት ፈረንሳዊ አርኪዮሎጂስት በቆፈሩት የመቃብር ጉብታ ላይ፣ መጀመሪያ በወንድ ብልት አምሳል የተቀረጹ፣ ኋላ ላይ ግን ሌላ ሰው መጥቶ የሰው ፊት ያወጣባቸው ድንጋዮች አሉ። አስቡት፤ አንዱ የቀረጸውን ሌላው ቆሞ ተመለከተና «ለእኔ ይህ ሰው ነው» አለ፤ ዐይንና አፍንጫም ሰጠው። እኔና አዛውንቱ፣ ያም ተማሪ፣ ሻጴ ገደል ውስጥ በዐይናችን የምናደርገውን እርሱ በመሣሪያ አደረገው።

እርሱ ያን ሲያደርግ ድንጋዩ ገና የራሱና የወገኑ ነበር፤ ሙታኑም የእርሱ ነበሩ። ዛሬ የሚመጣ ጎብኚ ግን ይህ መብት የለውም። ይህን የምለው ያየሁት ስላለ ነው። ለፎቶ እንዲጎላ ብሎ የላሞቹን ጠርዝ በጠመኔ የሚከተል ሰው አለ። ድንጋዩ እንዲጠቁር ውሃ የሚደፋ አለ። ከሁሉ የባሰው ስሙንና የፍቅረኛውን ስም በሚስማር የሚጭር ነው። ጠመኔው በዝናብ ይሄዳል ትሉ ይሆናል፤ ጠመኔውን ለማጽዳት ሌላው መጥቶ በእጁ ሲፈገፍገው ግን ድንጋዩ አብሮ ይሄዳል። ውሃውም ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ጥላ የሚጥልላችሁን ሰዓት ጠብቁ አልኩ እኮ! ያ ብርሃን ከጠመኔ የተሻለ ይስላል፤ ምልክትም አይተውም። ትክል ድንጋይ አንስቶ ለቤት መሠረት ወይም ለደጃፍ ደረጃ ያዋለ ገበሬን ግን በዚያው ቃል አልገሥጽም። ለዚያ ሰው እርሻው ላይ የቆመው ድንጋይ ምን እንደሆነ ማንም አልነገረውም፤ ልንነግረው የሚገባን እኛ ነን። ፎቶ አንሺው ግን አውቆ ነው የሚያደርገው።

አክስቴን ወደዚያ የወሰድኳት ጉልበቷ ገና ሳይከዳት ነው። በልጅነቷ ከብት ጠብቃ ያደገች ናት፤ ዲላ ከተማ ከገባች በኋላ ግን ወተት በጆግ እየገዛች ነው የኖረችው። ቁልቁለቱን እጄን ይዛ ወረደች። ማስረዳት ልጀምር ስል «ዝም በል እስቲ» አለችኝና አንድ በአንድ እያየች ስም ማውጣት ጀመረች። ይቺ ቡሬ፣ ያቺ ቦቃ። ድንጋዩ አንድ ዓይነት ግራጫ ነው፤ ለእርሷ ግን ሁሉም የየራሱ ቀለም ነበረው። ዳር ላይ ያለችውን፣ ጭቃ ግማሽ እግሯን የሸፈናትን፣ ዳልቻ አለቻት። «እቺ እኮ ልግመኛ ናት፤ ሁልጊዜ ወደ ኋላ የምትቀረው እሷ ናት» አለችኝ፤ በአባቷ በረት የነበረች ዳልቻ ላም ትዝ ብሏት።

ዛሬ አክስቴ ወደ ገደሉ መውረድ አትችልም። እኔ ግን ከሻጴ በተመለስኩ ቁጥር ጫማዬን ሳላወልቅ ትጠይቀኛለች።

«ዳልቻዬ ደህና ናት?»

«ደህና ናት» እላታለሁ። «ጭቃው ትንሽ ከፍ ብሏል።»

«ዝናቡ ነዋ» ትላለች፤ ቡናውንም መቁላት ትጀምራለች።